«ሰው ምን ይላል» በልብ ወለዶቻችንና በወረኢሉ

የወረኢሉ ስም ሲነሣ አብዛኛው የአገራችን ተማሪ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ የሸዋው ሠራዊት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ገብቶ እንዲገኝ የታዘዘበት ቦታ መሆኑ ነው። ሠራዊቱ ተሰበሰበ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጡ፤ ጥቂት ሰንብተው ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ ታሪኩም ከእነርሱ ጋራ ወደ ዓድዋ ሄደ። ከተማይቱ ግን በቦታዋ ቀረች። ያን ሁሉ ፈረስና በቅሎ ያጠገበው ድርቆሽ ከማን ጓሮ እንደ ወጣ፣ ያን ሁሉ እንጀራ የጋገረችው ሴት ጦሩ በሄደ ማግሥት ምን እንዳደረገች በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። እኔ የዚያች ከተማ ልጅ ነኝና ነገሩ ይከነክነኛል።

በዚህች መጽሔት ጓደኞቼ የየአገራቸውን የሠርግና የለቅሶ ልማድ፣ የእርሻና የሽምግልና ሥርዓት ሲያቀርቡ ቆይተዋል። እኔ ያሰብኩት ከዚያ ጥቂት ይለያል። በአማርኛ ከተጻፉት ታላላቅ ልብ ወለዶች ሦስቱን፣ ማለት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.)፣ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) እና የበዓሉ ግርማን «ሐዲስ» (1975 ዓ.ም.) ወስጄ፣ በትንሽ የገጠር ከተማ መኖር ምን እንደሚመስል በእውነት ነግረውናልን ብዬ ልጠይቃቸው ነው። አንዳቸውም የወሎ ታሪክ አይደሉም። የመጀመሪያው የጎጃም፣ ሁለተኛው የይፋት፣ ሦስተኛው የኢሉባቦር ነው። ቢሆንም የወረኢሉ ሰው ራሱን በልብ ወለድ ውስጥ ልይ ቢል ከእነዚህ የቀረበ መስተዋት አላገኘሁለትም።

አስቀድሞ ስለ ከተማይቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ትችቴ በምን ሚዛን እንደተመዘነ አይታወቅም። ወረኢሉ በደቡብ ወሎ ያለች የወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ በጉጉፍቱ ብርድ አልፎ በካቤ በኩል ይደርስባታል፤ ጉዞው ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከእርስዋም አልፎ ወደ ጃማ ይቀጥላል። ከፍታዋ ከ2,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ማለዳ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳይከናነብ አይሄድም። ስሟ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን ከሚያሰኘው «ወረ» ከተባለው የኦሮምኛ ቃል ጋራ የተያያዘ ነው፤ ወረ ሂመኖ፣ ወረ ባቦ እንደሚባለው ሁሉ። ከተማይቱን በ1860ዎቹ ዓ.ም. የቆረቆሩዋት ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ነው፤ ያን ጊዜ የታሰበውም የወሎን በር ይዞ መቀመጥ ነበር። «ከተመ» የሚለው ግሥ ስለ ሰፈረ ጦር ይነገር እንደነበር ያስተዋለ ሰው የወረኢሉን ጠባይ በግማሽ አወቀ ማለት ነው። ጦር የሚያርፍበት ኮረብታ ጦሩ ሲሄድለት ከተማ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ኮረብታ ላይ መኖር ምን ይመስላል? እኔ ከማገዶ እጀምራለሁ። ደጋው ዛፉን ከጨረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ከባሕር ዛፍ በቀር ዐይን የሚሞላ የለም። ስለዚህ በየምድጃው የሚነደው ኩበት ነው። የሚጠፈጥፉት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ በበጋው ፀሐይ አድርቀው ዝናብ ሳይመጣ ይከምሩታል፤ የክምሩም ቁመት የቤቱን ትጋት ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። በምድጃ የነደደው ፍግ ግን ለእርሻው አይተርፍም። እንጀራውን ያበሰለው እሳት የሚመጣውን ዓመት እህል እያሳነሰው ይሄዳል ማለት ነው፤ ይህንንም የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ሌላ የሚያነደው ስለሌለው ነው እንጂ።

ከቤት ርቄ በአንድ የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምማርበት ጊዜ «አገሬ» በሚል ርእስ ድርሰት እንድንጽፍ ታዘን ነበር። እኔ ስለ ኩበት አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። መምህሬ ቃሉን በየቦታው በቀይ ቀለም እየሰረዘ «ማገዶ» ብሎ ተካበት፤ በኅዳጉም ስለ ተራራው ውበት ብጽፍ ይሻል እንደነበር ምክር ጨመረልኝ። ደግ ሰው ነበርና አልቀየምኩትም። ነገር ግን ተራራ የሚያምረው ከሩቅ ለሚያየው ነው። ለሚኖርበት ሰው ተራራ ማለት ባዶ እንስራ ይዞ የሚወርደው ቁልቁለትና ሞልቶ የሚመለስበት ዳገት ነው።

ከማገዶ ቀጥሎ የሚመጣው በልግ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው ይህ ዝናብ ለቆላው ሰው ምርቃት ሊሆን ይችላል፤ በከፍተኛው የወሎ ደጋ ግን ብዙው ገብስ የሚያዘው በእርሱ ነው። በልግ የቀረ እንደሆነ ሰው ለመኸር ያስቀመጠውን ዘር ይበላል፤ ዘሩ ከተበላ ደግሞ ክረምቱ ቢያምርም የሚዘራ የለም። በዚህ ጊዜ ዘር የተረፈው ላጣው ያበድራል። ለማን? ማን የተበደረውን በሰዓቱ እንደሚመልስ፣ የማን ልጅ እንደ ሰነፈ፣ ማን በሬውን በድብቅ እንደ ሸጠ፣ ማን በለቅሶ ቤት እንደታየና እንዳልታየ በወረቀት የተጻፈ መዝገብ የለም። መዝገቡ የሰው አፍ ነው። ቡና ሲጠጣ ከአቦል እስከ በረካ የሚነበበው ይኸው መዝገብ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ይህን ሐሜት ብሎ ይጠራዋል፤ ሐሜት መሆኑም እውነት ነው፤ ግን ዘር የሚገኘው በእርሱ በኩል ነው።

ቅሬም እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ቅሬ የሚባለው አዲስ አበቤ እድር የሚለው ዓይነት የቀብር ማኅበር ሲሆን፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ባንድ ቅሬ ተጽፈው አንዱ ለሌላው መቃብር ይቆፍራሉ። ከቅሬ የቀረ ሰው ገንዘብ ይቀጣል፤ ከገንዘቡ ይልቅ የሚፈራው ግን መወራቱ ነው።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት በሦስቱም ልብ ወለዶች ውስጥ ትልቁ የታሪክ ሞተር «ሰው ምን ይላል» የሚለው ፍርሃት ስለሆነ ነው። ጥያቄዬ ደራሲዎቹ የዚህን ፍርሃት ሁለት ፊት አይተውታል ወይ የሚል ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እኔ የማውቃቸው የወረኢሉ ሽማግሌዎች ያወቁት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋን ያሳልፉባታል፤ የድሃ ልጅ የሆነው በዛብህ ሲወዳት ደግሞ አገር ይገለበጣል። እውነቱን የሚናገረው ካሣ «ጉዱ» ተብሎ ከእብድ ተቆጥሯል። ሐዲስ ዓለማየሁ ወሬ ሰውን እንዴት እንደሚያስር ሲያሳዩ የሚወዳደራቸው የለም፤ ለጉዱ ካሣ የወጣለት ስም ብቻውን አንድ ድርሰት ነው። ማኅበረ ሰቡ የማይፈልገውን እውነት ሳይመልስለት የሚያባርርበት ዘዴ ሆኖ ይሠራልና።

እኔን የሚጎድለኝ ሌላ ነው። በዚያ መጽሐፍ «ሰው ምን ይላል» ሲባል «ሰው» የተባለው ባብዛኛው ባላባቱና ካህኑ ነው። ወሬ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ዱላ ሆኖ ይታያል። ገበሬዎቹ ኃይላቸው የሚገለጠው አበጀ በለውን ተከትለው ሲነሡ ነው። በወረኢሉ ግን ወሬ ወደ ላይም ይወጣል፤ ድሃውም ሀብታሙን በዚያው አፍ ይዳኘዋል። ነጋዴው መስፈሪያውን ያጎደለ እንደሆነ ከፖሊስ በፊት የሚደርስበት የገበያተኛው ወሬ ነው፤ ሽማግሌ ተልኮበት ሲታረቅም ያየሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ገበሬው ጦር ሳያነሣ በየቀኑ የሚዋጋበት መሣሪያ ይህ ሲሆን ደራሲው ለጠላት ብቻ ሰጥቶት ማለፉ ያሳዝነኛል።

ሆኖም በዚህ ላይ ብዙ እንዳልኩራራ የሚከለክለኝ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ ጥቂት ቀደም ብሎ በሰፈራችን አንዲት ወጣት ከዐረብ አገር ተመለሰች። ከወሎ ለቤት ሠራተኛነት ወደዚያ የሚሄዱት ሴቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ይከበራል። እርስዋ ባዶ እጅዋን መጣች። ምን እንዳጋጠማት የጠየቃት አልነበረም፤ መልሱን ሁሉም ለራሱ አዘጋጅቶት ነበር። ቡና ሲፈላ መጥራት ተዉ። ውሃ የምትቀዳው ሌላው ሁሉ ቀድቶ ከተመለሰ በኋላ ሆነ። እኔ ክፉ ቃል አልተናገርኩባትም፤ ግን ከጓደኞቼ ጋራ ተቀምጬ ስለ እርስዋ ሲወራ ሰምቼ ስቄአለሁ። ጉዱ ካሣን አስተውዬ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ሳቅ እዚያ ውስጥ አገኘሁት።

በሁለተኛው ዓመት አባቷ ሞቱ። ቅሬው አልቀረም። ሲያሟት የከረሙት ሴቶች ዱቄት ተሸክመው መጡ፤ ምጣዱን ጣዱ፤ ሦስት ቀን ጋገሩ፤ አንዷም ከኋላዋ ተቀምጣ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዋን ስትደግፍ አደረች። ይህች ሴት ከሁሉ ይልቅ ታማት የነበረችው ናት። ከዚያ ወዲያ ወሬው ቆመ ለማለት አልደፍርም፤ ቀነሰ። ለቡና ግን ተጠራች። ያንኑ አፍና ያንኑ እጅ ባንድ ሴት ላይ ያሳየኝ ልብ ወለድ እስካሁን አላገኘሁም፤ ከትንሽ ከተማ ኑሮ ውስጥ ለመጻፍ ከሁሉ የሚያስቸግረውም እርሱ ይመስለኛል። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እንኳ ከእኛ በስተደቡብ ባለው በመንዝ ተቀምጦ አጥንቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የአማራን ገበሬ ግለኛና ተጠራጣሪ አድርጎ አይቶታል። በመጠራጠሩ አልከራከርም። ነገር ግን ሰው ጎረቤቱን አጥብቆ የሚጠራጠረው ነገ ዘር የሚበደረው ከእርሱ ስለሆነ ነው።

የበዓሉ ግርማን «ሐዲስ» በቶሎ አልፈዋለሁ፤ የተጻፈው ሳይስበኝ ቀርቶ አይደለም። የበዓሉ ብዕር ፈጣን ነው፤ ሰውን በሁለት መስመር ይስላል፤ የተወለደበትንም አገር ያውቀዋል። ነገር ግን የሱጴን ሰዎች የምንተዋወቃቸው አስተማሪ ሆኖ በመጣው በወጣቱ ሐዲስ በኩል ነው። ከተማይቱ እርሱ እስኪመጣ ድረስ ስትጠብቅ የኖረች ትመስላለች። እኛም ቤት አስተማሪ ይመጣል፤ በአውቶቡስ ወርዶ ሻንጣውን በልጅ ያስይዛል፤ ሁለት ዓመት ወይም ሦስት ዓመት ቆይቶ ዝውውር ሲያገኝ ይሄዳል። ከተማው ስለ እርሱ ምን ይላል? ይህን የሚጽፍ ቢገኝ ከመምህሩ ማስታወሻ ይልቅ እርሱን አነብ ነበር። (በነገራችን ላይ መጽሐፉ ከታተመ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ፣ ከወሎ ብዙ ሕዝብ ለሠፈራ ከተወሰደባቸው አገሮች አንዱ ኢሉባቦር ነበር። የደጋ ሰው በዚያ ሙቀትና ዝናብ ውስጥ ጎጆ ሲቀልስ፣ ማን ለማን እንደሚያበድር የሚነግረው መዝገብ ሳይኖረው እንዴት እንደ ጀመረ የሚተርክ ልብ ወለድ ቢጻፍ የበዓሉን ታሪክ ከሌላ በር ያስገባን ነበር።)

«አደፍርስ» ከሁለቱም ይበልጥብኛል። ዋናው ሰው እዚህም ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት ነው፤ እንግዲህ ያው መጤ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ዳኛቸው ወርቁ ለዚህ ወጣት ያወጣለትን ስም እንይ፤ አደፍርስ፣ ማለት የጠራውን ውሃ አማስል። ደራሲው ስሙን እንደ ሹመት አልሰጠውም፤ ግማሹ ቀልድ ነው። አደፍርስ በሄደበት ሁሉ ይከራከራል፤ የአርማንያ ሰዎችም ይመልሱለታል። ባለርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ቄሱ፣ ወጣቶቹ ሁሉ የራሳቸው ቃል አላቸው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ያቋርጠዋል፤ በምሳሌ ይገባል፣ በተረት ይወጣል። ደራሲው የተማረውን ልጅ አሸናፊ አድርጎ አያስጨበጭብለትም። በመጨረሻም ልጁ ይሞታል፣ ጭቅጭቁ ግን ከእርሱ ጋራ አይቀበርም።

ብዙ አንባቢ ይህን መጽሐፍ ከባድ ነው ሲል እሰማለሁ፤ በክፍላችንም ሳይጨርሱት የመለሱት ጥቂት አይደሉም። ቋንቋው ያስቸግራል፤ ታሪኩ ይቆራረጣል፤ ማን እንደሚናገር ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ግድ የሚሆንበት ገጽ አለ። እኔ ግን በሁለተኛው ንባቤ የገባኝ አሳቡ ይህ ነው፤ መጽሐፉ የሚያስቸግረው ትንሽ ከተማ እንደሚያወራው ስለሚያወራ ነው። በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ስለ ጠፋ በግ ሊነግርህ ቢነሣ የበጉን ባለቤት አያት ሳያነሣ፣ አያቱም ከማን ጋራ በድንበር እንደ ተካሰሱ ሳይጨምር ወደ በጉ አይደርስም። ለእንግዳ ይህ ጊዜ ማባከን ነው። ለሰፈሩ ሰው ግን በጉን የሰረቀው ማን ሊሆን እንደሚችል የተነገረው በመካከሉ ነው። ዳኛቸው ወርቁ ወሬን ከታሪኩ ላይ እንደ ገለባ አላበጠረውም፤ ወሬውን ራሱን ታሪክ አደረገው። ይህን ስል ጉድለት አላየሁበትም ማለቴ አይደለም። ክርክሩ አንዳንድ ጊዜ ከተናጋሪው ሰው ይረዝማል፤ ሰዎቹ እንዲህ የሚከራከሩት ማሳው ምን ሆኖ እንደሆነ ለማወቅ የምጓጓባቸው ገጾችም ብዙ ናቸው።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ «አደፍርስ»ን ይዤ ነበር። የምማረውን እንድነግራቸው አክስቴ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ አንድ ማታ፣ እርሳቸው ከምድጃው አጠገብ የበግ ፀጉር ሲፈትሉ፣ ወይዘሮ አሰጋሽ የምትናገርባቸውን ገጾች መርጬ አነበብኩላቸው። እንዝርቱን ሳያቆሙ ሰሙኝ። ከጨረስኩ በኋላም ዝም አሉ። ከዚያ፣

«ይቺ ሴትዮ የማን ወገን ናት?» አሉኝ።

«የመጽሐፍ ሰው ናት፤ በእውነት የለችም» አልኳቸው።

«አትሞኝ ልጄ። አፏን ሰማሁት እኮ። ለቅሶ ትደርሳለች?»

አላውቅም አልኳቸው።

«ይህን ካልነገረህ ያን ሁሉ ገጽ ምን ሲልህ ነበር?»

ዳኛቸው ወርቁ ሊቀበለው ከሚችለው ምስጋና ሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ጥያቄያቸው፣ ከትችቴም ሁሉ የሚበልጠው ሁለተኛው መሰለኝ። መጽሐፉን ከድኜ ልነሣ ስል አክስቴ ነገሩን አልለቀቁትም። ባለርስት ስትሆን ለምን በቃሏ እንዲህ እንደምትሰስት፣ እንዲህ ያለ ጠባይ ከምን እንደሚመጣ፣ በሰፈራችንም ማን እንደምትመስል በስም እየጠሩ ያወጉኝ ጀመር፤ ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም። በመጨረሻ ምጣዱ ሥር ኩበት እየጨመሩ፣

«ለቡና እጠራታለሁ፤ ዘር ግን አላበድራትም» አሉ።

«ኧረ አንቱ፣ ባለርስት ናት እኮ፤ ዘር አያጥራትም» አልኳቸው።

«በልግ ሲቀር የማያጥረው ማን አለ?»